አትንኩ

ሰኔ 28 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ የቢሯችንን ቆርቆሮ እየደበደበው ስለነበር ስልኬ መጥራቱን ያወቅሁት ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው።

"አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገርህ ዘጋብኝ!"

እትዬ ናቸው። የመሥሪያ ቤታችንን ሒሳብ ለሃያ ዓመት የያዙ፣ ከእናቴ ጋር በአንድ ዕድር ያሉ፣ እኔንም በቁምጣ ስሮጥ የሚያውቁኝ ሴት ናቸው። "የሲስተም አስተዳዳሪ" የሚል ወረቀት የቢሮዬ በር ላይ ብለጥፍም ለእሳቸው "አንተ ልጅ" ነኝ። ቅር ብሎኝም አያውቅ።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል። ስካን ያደረጓቸው የክፍያ ቫውቸሮችና የባንክ ማስታረቂያው ክላውዱ ላይ (በኢንተርኔት የምንጠቀምበት የሩቅ ማከማቻ ነው) የዓመት መዝጊያ ወደሚለው ፎልደር መግባት አለባቸው፤ አልገባ አሏቸው።

"ስህተቱ ምን ይላል እትዬ?"

"እንግሊዝኛ ነው፤ ረጅም ነው። መጀመሪያው አክሰስ ዲናይድ ይላል።"

መግባት ተከልክሏል ማለት ነው፤ መጀመሪያው በቃኝ። የቀረውንም ያንብቡልኝ አላልሁም። የዚያን ቀን መከራዬ ሁሉ የመጣው ካላነበብሁት ግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው።

እንደ ብዙ የአይቲ ሰው መጀመሪያ ጥፋቱን ተጠቃሚው ላይ ፈለግሁ። ብሮውዘሩን ይዝጉት፣ ወጥተው እንደገና ይግቡ፣ ፓስዎርዱን ሲጽፉ ካፕስ ሎክ በርቶ እንዳይሆን እያልሁ ግማሽ ሰዓት አስፈጀኋቸው። ቀጥሎ ኔትወርኩን ወቀስሁ። ክረምት ነው፤ በክረምት ኔትወርክን መውቀስ ማስረጃ አይጠይቅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

በመጨረሻ ፈቃድ አንሷቸው ይሆናል ብዬ ያሉባቸውን ግሩፖች ከፈትሁ፤ ግሩፕ ማለት ውስጡ ለተጻፉ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ፈቃድ የሚሰጥ ዝርዝር ነው። ለሒሳብ ክፍል ጸሐፊዎች የሠራሁት ግሩፕ ውስጥ አሉ። ይህ ግሩፕ ደግሞ እዚያ ፎልደር ውስጥ ፋይል ማስገባትን ይፈቅዳል። እንግዲያው ሌላ ልጨምርላቸው ብዬ የፋይናንስ ኃላፊዎች ግሩፕ ውስጥ አስገባኋቸው። እንቢ። የዋና ክፍል ኃላፊዎችን ጨመርሁላቸው። እንቢ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን መናገር ያሳፍረኛል፤ የሁሉንም ነገር ሙሉ ፈቃድ የያዘውን የአድሚን ግሩፕ ሰጠኋቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እትዬ ሰርቨሮቻችንን በሙሉ ማጥፋት ይችሉ ነበር። ቫውቸር ማስገባት ግን አልቻሉም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሌላው ሠራተኛ ጃንጥላውን እየዘረጋ ሲወጣ እኔ ወደ እትዬ ቢሮ ወጣሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ማን እንደጠየቀ፣ ምን ለማድረግ እንደጠየቀ፣ የትኛው ፋይል ላይ እንደሆነ ይዘረዝርና መጨረሻው ላይ "ኤክስፕሊሲት ዲናይ" የሚሉ ሁለት ቃላት ያስቀምጣል። በግልጽ የተጻፈ ክልከላ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስፈልገው የነበረው ነገር እትዬ ስክሪን ላይ ተጽፎ ሲጠብቀኝ ነበር።

እኛ የምንጠቀመው የአማዞንን ክላውድ ነው። አይ ኤ ኤም የሚባለው የፈቃድ ሥርዓቱ አንድ ጥያቄ ሲመጣለት የሚሄድበት መንገድ ብዙ አያስቸግርም። አዲስ የተፈጠረ ተጠቃሚ ምንም አይፈቀድለትም። ሰውየው ያለባቸው ግሩፖች የሚሰጡት ፈቃድ ሁሉ ይደመርና ከመካከላቸው አንዱ እንኳ "ይግባ" ካለ ይገባል። ከእነዚያ ግሩፖች አንዱ "አይግባ" ብሎ በግልጽ ከጻፈ ግን የሌሎቹ "ይግባ" ዋጋ የለውም። አሥር ቢሆኑም አይረዱትም፤ አንዱ አድሚን ቢሆንም አይረዳውም።

ለእትዬ ያስረዳኋቸው በሰርግ ነው። ሰርግ ያልተጠራ ሰውና አትምጣ የተባለ ሰው ሁለቱም በር ላይ ሲመለሱ ላያቸው አንድ ይመስላሉ። ግን ያልተጠራውን የሙሽራው ወንድም መንገድ ላይ አግኝቶ "ና እንጂ!" ካለው ነገሩ አለቀ፤ ይገባል፣ ይበላል፣ ይጨፍራል። አትምጣ የተባለውን ሚዜው ቢጠራው፣ አማቹ ቢጠራው፣ የጥሪ ካርድ በካርድ ላይ ቢደረብለት በሩን አያልፍም። እኔ ያን ሁሉ ሰዓት ለእትዬ የጥሪ ካርድ ስጽፍላቸው ነበር።

"እና እኔን አትምጪ ያለኝ ማነው?" አሉኝ።

የግሩፕ ዝርዝራቸውን ወደ ታች ሳብሁት። ከታች ሁለተኛው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል (ሥርዓቱ ለግሩፕ ስም የእኛን ፊደል አይቀበልም) "አትንኩ" ይላል። ስሙን ሳይ የማን ሥራ እንደሆነ ገባኝ። የእኔው ነው።

ወደ ጥቅምት ልመለስ። ያኔ አንድ የሥራ ባልደረባችን የተዘጋ ዓመት ሰነድ ላይ በዚያው ስም ሌላ ፋይል ደርቦ አስቀመጠ። የፋይሎቹ የቀድሞ ቅጂ እንዲቀመጥ አስቀድመን አብርተነው ስለነበር አሮጌውን መልሰን አገኘነው፤ ቢሆንም ሥራ አስኪያጁ ደነገጡ። "ከሒሳብ ክፍል ውጪ ያለ ሰው እዚያ እንዳይጽፍ አድርግ" አሉኝ። ትክክል ናቸው። የሒሳብ ጸሐፊዎች ግሩፕ ውስጥ ከክፍሉ ውጪ የሆኑ አምስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፤ አንዷ ለአንድ ሳምንት ሥራ ብላ ገብታ ቀርታለች። እትዬም ራሳቸው ያኔ ለአራት ወር የግዢ ክፍሉን በውክልና ይመሩ ነበርና፣ የሚገዛና ሒሳብ የሚመዘግብ አንድ ሰው መሆን ስለሌለበት ለጊዜው ከዝርዝሩ መውጣት ነበረባቸው። አምስት ስም፣ አምስት ክሊክ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

አላወጣኋቸውም።

ለምን? ሐበሻ የሆነ ሰው ይህን ጥያቄ ባይጠይቀኝም መልሱን ያውቀዋል። ሰውን ከማኅበር ማውጣት እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ከዕድር የተሰረዘ ሰው ማን ይቀብረው ይሆን ይባልለታል። ከጽዋ ማኅበር የወጣ ሰው ከማን ጋር ተጣላ ይባላል። አሁን ደግሞ ቴሌግራም መጣና አንድን ሰው ከግሩፕ ስታወጣው ማን ማንን እንዳስወጣ ለሁሉም ሰው ጽፎ ያሳያል፤ በአንድ መስመር ጽሑፍ የሁለት ቤተሰብ ሰላምታ ሲቋረጥ አይቻለሁ። የክላውድ ግሩፕ እንዲህ አያደርግም። ብታወጣው ማንም አይነገረውም፤ ምናልባት ራሱም በስድስት ወሩ ነው የሚያውቀው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። እጄ ግን የዕድር ልጅ እጅ ነው። "አስወግድ" የሚለውን ቁልፍ ሊጫን ሲል የእትዬ ፊት መጣበት።

ስለዚህ ብልሃት ያልሁትን ሠራሁ። "አትንኩ" የሚል አዲስ ግሩፕ ፈጠርሁ። እዚያ መጻፍ ክልክል ነው የሚል ፖሊሲ (የፈቃድ ደንብ የሚጻፍበት ሰነድ ነው) አያያዝሁበት። አምስቱንም ሰዎች ውስጡ ጨመርኋቸው። ማንንም ከየትም አላወጣሁም እኮ! እንዲያውም አባልነት ጨመርሁላቸው። ክልከላውን በአባልነት ጠቅልዬ፣ እንደ ስጦታ።

ፖሊሲው ላይ መንገዱን (ፎልደሩ የሚገኝበትን አድራሻ) ስጽፍ ደግሞ በኮከብ ምልክት ጨረስሁት። ያች ኮከብ ከዚያ መንገድ በታች ያለውን ሁሉ ትይዛለች፤ ገና ያልተወለደውን ፎልደር ሳይቀር። እትዬ የካቲት ላይ ወደ ሒሳብ ክፍላቸው ተመለሱ። የጸሐፊዎቹ ግሩፕ ውስጥ ቀድሞም ነበሩና ማንም ምንም አላሰበም። የዓመት መዝጊያ ደግሞ በዓመት አንዴ የሚነካ ፎልደር ነው። ክልከላዬ አምስት ወር ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ ሰኔ 28 ቀን በዝናብ ተነሣ።

የዚያን ዕለት ከ"አትንኩ" አወጣኋቸው፤ ቫውቸሮቹ ገቡ፤ እትዬ መረቁኝ። ቤቴ ገብቼ ራቴን በልቼ ተኛሁ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ብድግ አልሁ። አድሚኑ! በችኮላ የጨመርሁላቸውን ግሩፖች አንዱንም አላነሣሁም። ላፕቶፔን አልጋዬ ላይ ከፍቼ በአንድ ዓይኔ እያየሁ አነሣሁ።

አንድ ነገር ለራሴ ስል ልከላከል። ፈቃድ መደራረቡ ሞኝነት ብቻ አልነበረም፤ ከድሮ ሥራዬ የመጣ ልማድም አለበት። ክላውድ ሳንገባ በፊት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ የምትጮህ የዊንዶውስ ሰርቨር ነበረችን። ዊንዶውስ ላይ ክልከላ ይበልጣል የሚባለው እውነት ቢሆንም ቀዳዳ አለው። ክልከላው ከላይ ካለው ፎልደር የተወረሰ ከሆነና አንተ ፋይሉ ላይ በቀጥታ ፈቃድ ከሰጠህ የአንተ ፈቃድ ያሸንፋል። ስለዚህ ያኔ ከታች መፍቀድ ብዙ ጊዜ ይሠራ ነበር። የአማዞኑ እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ የለውም። የማይክሮሶፍቱ ክላውድ አዙር ላይ ደግሞ ሚናዎች (የፈቃድ ጥቅሎች) ይደማመራሉ እንጂ ክልከላውን እንደኔ በእጅህ እንደልብህ አትጽፍም። እዚያ የሚያስለፋው ሌላ ነው፤ ግሩፕ በግሩፕ ውስጥ፣ እሱም በሌላ ውስጥ ስለሚገባ አንድ ሰው በየት በኩል እንደመጣ ለማወቅ የዘር ሐረግ መቁጠር ነው። አንድ ሰው ከ200 በላይ ግሩፕ ውስጥ ከገባማ መግቢያ ወረቀቱ (ቶክን የሚሉት) ዝርዝሩን መያዝ ያቅተውና አፕሊኬሽኑ ራሱ ሄዶ እንዲጠይቅ ይተውለታል። እንዲጠይቅ ሆኖ ያልተሠራ አፕሊኬሽን ሰውየውን ግሩፕ የሌለው አድርጎ ያየዋል። ብዙ ማኅበር የገባ ሰው ማኅበር እንደሌለው የሚቆጠርበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ጉግል ክላውድ ፈቃድን ከድርጅት ወደ ፎልደር፣ ከፎልደር ወደ ፕሮጀክት ያወርሳል፤ ላይ የተፈቀደውን ታች ባለው የፈቃድ ፖሊሲ መቀነስ አይቻልም። ክልከላ ከፈለግህ ራሱን የቻለ የክልከላ ፖሊሲ አለው፣ እሱም ቀድሞ ነው የሚታየው።

አማዞን ግሩፕን በግሩፕ ውስጥ አያስገባም፤ አንድ ተጠቃሚም ከ10 ግሩፕ በላይ አይሆንም። መጀመሪያ ላይ ይህ ገደብ ያናድደኝ ነበር። አሁን ምነው 5 ባደረጉት እላለሁ።

ከቢሮ ወደ ቤቴ የምሄደው በፋሲል ግቢ አጥር ጥግ ነው። አጥሩ 900 ሜትር ያህል ነው፣ አሥራ ሁለት በር አለው። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፤ ቱሪስት የሚገባው ከእነዚህ በሮች በጥቂቱ ነው። የሐምሌ ሰሞን እያለፍሁ የበሮቹን ስም በልቤ ስቆጥር ነበር። ወንበር በር፤ ወንበር ማለት ዳኛ ነው። እምቢልታ በር። ባልደራስ በር። እልፍኝ በር። ተዝካሮ በር። ልጅ ሆኜ ስንጫወትባቸው ስሞቹ ስም ብቻ ነበሩ። አሁን ሳያቸው አንዳንዶቹ ሥራ ናቸው። እነዚህ በሮች የተሰየሙት በሚፈርደው፣ በሚነፋው፣ ፈረስ በሚያዘው ሰው ሥራ ነው። እምቢልታ ነፊው ሥራውን ሲተው በሩ ተከትሎት ቤቱ አይሄድም። ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ብትቆጥር አትግቡ በር የሚባል አታገኝም። ማን ይግባ እንደሆነ ካወቅህ ለማን አይግባ የተለየ በር መሥራት አያስፈልግህም።

ይህን እኔ አይደለሁም ቀድሜ ያልሁት። ሳልትዘርና ሽሮደር የሚባሉ ሁለት የኮምፒውተር ሊቃውንት በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ መረጃ ጥበቃ ሲጽፉ፣ ውሳኔው የሚመሠረተው በፈቃድ ላይ ይሁን እንጂ በማግለል ላይ አይሁን ብለዋል። ማንም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ አይያዝ የሚለውንም አኑረዋል። ሁለቱንም ዩኒቨርሲቲ ተምሬያቸው ተፈትኜባቸዋለሁ። ፈተናውን አልፌያለሁ፤ እትዬን ግን ደጅ አስቀርቻለሁ።

ስለ በር ካነሣሁ የጥምቀቱን ላውራ። ተማሪ ሳለሁ ጥር 11 ቀን ሕዝቡ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲጎርፍ ገመድ ይዘን መንገድ ከምናስከብረው ልጆች አንዱ ነበርሁ። ደረታችን ላይ ባጅ አለ። አንድ ጓደኛችን ሁለት ባጅ አንጠልጥሎ መጣ፤ አንዱ የመዘምራን፣ አንዱ የካሜራ ሰው። መዘምራን የሚያልፉበት ገመድ ጋ ሲደርስ አስተባባሪው "ካሜራ የያዘ በዚህ አይገባም" አለው። ልጁ የመዘምራኑን ባጅ አውለበለበ። "አየሁት፤ ካሜራ የያዘ አይገባም።" እኛም ከዚህ ከዚያ ጮኽን፣ የእኛ ልጅ ነው፣ ዘማሪ ነው አልን። አስተባባሪው ፊቱንም አላዞረልንም። ልጁ ጥቂት አሰበና ካሜራውን ለእኔ ሰጠኝ፤ የካሜራውን ባጅ አውልቆ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ዝም ብሎ ገባ። ቀኑን ሙሉ ካሜራ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ገመድ ያዝሁ። ያ ልጅ በሃያ ሰከንድ የፈታውን ችግር እኔ በስንት ዓመቴ ሁለት ሰዓት ፈጀሁበት። እሱ ሦስተኛ ባጅ ፍለጋ አልሄደም።

ይሉኝታ ብቻውን ነው ችግር የሚፈጥረው ካልሁ ግን ራሴን ማሞገስ ይሆንብኛል። ተራ ግዴለሽነትም አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ክላውድ ላይ ባለች አንዲት የሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሥርዓት ነው) ሰርቨር ራሴን አዲስ ግሩፕ ውስጥ ለማስገባት ፈለግሁ። ትእዛዙ ዩዘርሞድ ነው፤ ትልቁን ጂ ትጽፋለህ፣ ከፊቱ ደግሞ ትንሿን ኤ። ትንሿ ኤ "ጨምር" ማለት ናት። እሷ ከቀረች ትእዛዙ አይጨምርም፤ ያለህበትን ተጨማሪ ግሩፕ ሁሉ ሰርዞ በዚህ በአንዱ ይተካዋል። ቀረች። ሱዶ ከሚባለው፣ ሥልጣን ሁሉ ከተያዘበት ግሩፕ ራሴን በገዛ እጄ አወጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

የሚገርመው አለማወቄ ነው። የገባህበት መስኮት ክፍት እስካለ ድረስ የምትቆጠረው ስትገባ በነበርህበት ግሩፕ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንደ ባለሥልጣን ሳዝዝ ዋልሁ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ራውተሩ ጠፋ፣ መስመሩ ተቋረጠ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ተመልሼ ስገባ አንድ ትእዛዝ ጻፍሁ፤ ስሜ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ውስጥ እንደሌለና ጉዳዩም ሪፖርት እንደሚደረግ ነገረኝ። ለማን ነው ሪፖርት የሚያደርገው? አድሚኑ እኔው ነኝ። ሰርቨሯን አጥፍቼ፣ ዲስኳን ነቅዬ ሌላ ሰርቨር ላይ ሰክቼ፣ የግሩፑን ፋይል በእጄ አርሜ እስክመልሳት ማታ ሁለት ሰዓት ሆነ። የዚያን ቀን መብራት ባይሄድ ኖሮ ስህተቴን የማገኘው ከስንት ቀን በኋላ፣ ሰርቨሯ በእርግጥ በምታስፈልግበት ሰዓት ይሆን ነበር። መብራት በመሄዱ ያመሰገንሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዝርዝር መውጣትና ከቤት መውጣት አንድ እንዳልሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ማይክሮሶፍት የሚሰጠው የመግቢያ ቶክን በተለምዶ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይቆያል፤ ሰውየውን ከግሩፕ ብታወጣውም አፕሊኬሽኑ ያንን የቆየ ቶክን እስካመነ ድረስ በድሮው ማዕረጉ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ተሽሮ ደብዳቤው ያልደረሰው ሹም በሉት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ይህ ሰውዬ ግን ከተሻረም በኋላ የሚበላበት አንድ ሰዓት አለው።

ሐምሌ ሲገባ "አትንኩ"ን አጠፋሁት። ከዚያ በፊት ግን ያኔ በሁለት ደቂቃ መሥራት የነበረብኝን በሁለት ሳምንት ሠራሁ። አንድ ሰንጠረዥ አወጣሁ፤ የሰው ስም፣ የግሩፕ ስም፣ ለምን፣ ማን ፈቀደ፣ እስከ መቼ። አርባ የማንሞላ ሠራተኞች ነን። በየቢሮው ላፕቶፔን ይዤ ዞርሁ። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ብዬ መጀመሪያ እትዬ ጋ ሄድሁ። ቡና ይዘው ጠበቁኝ።

"ይኼ ምንድነው?" አሉ አንዱን መስመር እያሳዩኝ።

"የንብረት ክፍል መዝገብ ማየትና ማስተካከል የሚያስችል ነው።"

"እኔ የንብረት ክፍልን መዝገብ ምን ብዬ አስተካክላለሁ?"

"አምና በውክልና ሳሉ ነው የገባው እትዬ።"

"ታዲያ ነገ አንድ ነገር ቢጎድል ስሜ እዚያ ሊገኝ ነው? አውጣኝ እንጂ አንተ ልጅ! አሁኑኑ አውጣኝ። እዚህም አውጣኝ። ይኼኛውስ?"

ሰባት ግሩፕ ውስጥ ነበሩ። ሁለት ላይ ቀሩ። ከእያንዳንዱ ሳወጣቸው ትከሻቸው ላይ ያለ ሸክም እንደሚያራግፍ ሰው "እፎይ" ይላሉ። ለሃያ ዓመት ገንዘብ የቆጠረ ሰው በማያስፈልገው ካዝና ቁልፍ ስሙ እንዲጻፍ አይፈልግም፤ ይህን እኔ ልነግራቸው ሄጄ እሳቸው ነገሩኝ። ጥቅምት ላይ ቅር ይላቸዋል ብዬ የፈራሁላቸው ነገር እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር የነበረው። ከአምስቱ የቀሩት አራቱም እንዲሁ ናቸው። አንዷ እንዲያውም ግሩፕ የሚባል ነገር ውስጥ መኖሯንም አታውቅም ነበር።

የራሴን ሳይ ዘጠኝ ግሩፕ ላይ ተገኘሁ። ከአማዞን ገደብ አንድ ነው የቀረኝ። "ለምን" የሚለውን ዓምድ ስሞላ ለሦስቱ የምጽፈው አጣሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያለምክንያት ገብቷል ብዬ አወጣው ነበር። ለራሴ ግን "ለማንኛውም" ብዬ ልጽፍ እጄ ቃጣው። ራሴን ከሦስቱም አወጣሁ።

የቀሩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የንብረት ክፍሉን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያሻገሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ሥራቸው ሌላ ነው፤ ለወጣቶቹ ምክር ይሰጣሉ፣ ስብሰባ ይመራሉ። ሎጉን (ማን መቼ ምን እንደከፈተ የሚያሳየውን ዝርዝር) ሳየው መዝገቡን ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካከሉት ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከፍተው ማየት ግን በየሳምንቱ ያያሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ጠዋት። ጉዳዩን ሳነሣባቸው የያዙትን ስኒ ወደ ረከቦቱ መለሱት።

"አጠፋሁ እንዴ ልጄ?"

"ኧረ ጋሼ፣ ምን ያጠፋሉ!"

"እንግዲያው?"

የጥበቃ አሠራሩን፣ የሥራ ድርሻውን፣ ሁሉም ሰው እየተነካ መሆኑን ነገርኋቸው። አዳመጡኝ። ሲያዳምጡ መስኮቱን ነው የሚያዩት። "የመጀመሪያዋን ገጽ የመታሁት እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። ሌላ አልጨመሩም።

መጻፉን አነሣሁትና ማየቱን ተውሁላቸው። ማየት የማንንም ሒሳብ አያበላሽም ብዬ ራሴን አሳመንሁ፤ "እስከ መቼ" የሚለው ላይ መስከረም 30 ጻፍሁ። መስከረም 30 ሲደርስ ታኅሣሥ 30 አደረግሁት። ሰንጠረዡ ላይ የሁሉም ሰው "ለምን" ተሞልቷል፤ የጋሼ ብቻ ባዶ ነው። ትናንት ጠዋት ስልኬ ቀኑ መድረሱን አስታወሰኝ። ሰኞ ነበር። ሎጉን ከፈትሁት፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ገብተው አይተው ወጥተዋል።

መጋቢት 30 አልሁት።